የሽንት ፊኛ ካንሰር ከተነገራችሁ በኋላ የወረቀት ዘመዳችሁን ኢንተርኔት ላይ እንዴት ታገኛላችሁ

ካንሰር ከተባለ በኋላ ሰው ሁሉ የሚመክረው አንድ ነገር ነው፤ "ጎግል አታድርግ።" እኔ ግን አድርጉ ባይ ነኝ። ብቻ የምትፈልጉት ነገር ይለይ። ስለ በሽታው የሚነበብ ነገር ሐኪሙም ይሰጣችኋል። ሐኪሙ የማይሰጣችሁ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ የተነሣ ሰው ነው። እኔ የምጽፈው እሱን ሰው፣ የውጤት ወረቀቱ ከናንተ ወረቀት የሚገጥመውን የወረቀት ዘመድ፣ ስለመፈለግ ነው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ታክሲ ነጂ ነኝ። ዕድሜዬ ስድሳን አልፏል። ድሮ ሲጋራ አጨስ ነበር፤ ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከሲጋራ ነው። የኔ የፊኛውን ጡንቻ ሳይነካ ተገኘ። በሽንት ቧንቧ ገብተው ቀርፈው አወጡት፤ ከዚያ ቢሲጂ የሚባል ፊኛ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ወሰድኩ። አሁን በየጊዜው በካሜራ እታያለሁ።

ይህ በሽታ የኛን ሰው ሁለት ጊዜ ይከብደዋል። አንዴ ካንሰር ስለሆነ፣ አንዴ የሽንት ነገር ስለሆነ። የልብ ሕመም ቢሆን ኤርፖርት ተራ ላይ ቡና ይዘን እናወራው ነበር። "ሽንቴ ደም ሆነ፣ በብልቴ ካሜራ አስገቡብኝ" ግን ለማን ይባላል? ቤት ውስጥም ያው ነው። ባለቤቴ እንዳታለቅስ እኔ እስቃለሁ። እኔ እንዳልፈራ እሷ ትስቃለች። እንዲህ ስንሳሳቅ ማንም ምንም ሳይናገር ይመሻል። ለዚህ ነው የማያውቀን ሰው የሚያስፈልገን። ለማያውቁት ሰው ነውሩ ይቀላል።

ወረቀታችሁን ሳትይዙ አትግቡ

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ስልክም አካውንትም አይደለም። የፓቶሎጂ፣ ማለትም የናሙናው ምርመራ፣ ውጤት ወረቀት ነው። አሜሪካ ያላችሁ በሆስፒታሉ አፕ ላይ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ኮፒ ጠይቁ። የናንተ ውጤት ነው፤ አትፈሩ።

ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ደረጃው ቲኤ ነው፣ ቲ1 ነው፣ ወይስ ቲ2? ቲኤ ከውስጠኛው ሽፋን አላለፈም። ቲ1 ከሽፋኑ ሥር ገብቷል፤ ጡንቻውን ግን አልነካም። ቲ2 ጡንቻው ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛ፣ ግሬዱ፣ ማለትም የካንሰሩ ሴሎች ምን ያህል ክፉ እንደሚመስሉ፣ ዝቅተኛ ነው ወይስ ከፍተኛ? ሦስተኛ፣ ሲአይኤስ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓይነት አብሮ አለ ወይ? አራተኛ፣ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ጡንቻ አለ ወይ? ይቺን የመጨረሻዋን አትናቋት። ናሙናው ውስጥ ጡንቻ ከሌለ፣ ካንሰሩ ጡንቻውን ነክቷል ወይስ አልነካም የሚለው በደንብ አልታየም ማለት ነው። በበሽታው የቆዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሷን ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ከሚታወቁት ታካሚዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ጡንቻው ያልተነካባቸው ናቸው። የነሱ ሕይወት ሌላ ነው፣ የቲ2 ሰው ሕይወት ሌላ። አንደኛው በየጥቂት ወሩ በካሜራ ይታያል፤ መድኃኒትም በቀጭን ቱቦ ፊኛው ውስጥ ይጨመርለታል። ሌላኛው ኬሞ ወስዶ ፊኛውን እስከማስወጣት ሊደርስ ይችላል። የቲኤ ሰው የቲ2ን ሰው ታሪክ እኩለ ሌሊት ላይ ካነበበ በቁሙ ራሱን ይቀብራል። የቲ2 ሰው የቲኤን ሰው ምክር ከሰማ ደግሞ ይዘናጋል። ይኸኛው ይብሳል።

ስለዚህ የአገር ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት የወረቀት ዘመድ ፈልጉ። ወረቀቱ ከወረቀታችሁ፣ ሕክምናው ከሕክምናችሁ የሚገጥም ሰው ማለቴ ነው። ኦሃዮ ይኑር ማንችስተር፣ ፈረንጅ ይሁን ህንድ፣ ለመረጃ ከገዛ ወንድማችሁ ይሻላል።

የት ይገኛሉ

አሜሪካ ላላችሁ የመጀመሪያው በር የብላደር ካንሰር አድቮኬሲ ኔትወርክ ነው፤ ባጭሩ ቢካን ይሉታል። በ2005 የተቋቋመ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ሕዝባችን ጎረቤት ማለት ነው። "ሰርቫይቨር ቱ ሰርቫይቨር" የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ትነግሯቸዋላችሁ፤ ተመሳሳይ ሕክምና ካለፈ ፈቃደኛ ሰው ጋር በስልክ ያገናኟችኋል። እኔ ከሁሉም አስቀድሜ ይህን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው መሐል ገብቶ ከመጻፍ አንድ ሰው ማናገር ለኛ ይቀላል። እኛ የወሬ ሰዎች ነን፤ በጽሑፍ የማይወጣው በድምፅ ይወጣል።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ወደ አሜሪካን ካንሰር ሶሳይቲ ደውሉ፤ 1-800-227-2345። ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። መጀመሪያ "አምሃሪክ" ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከዚያ ታገሡ። እነሱ የፊኛ ካንሰር ብቻ አይደለም የሚይዙት፤ ወደ ትክክለኛው ቦታ ግን ይመሯችኋል።

እንግሊዝ አገር ፋይት ብላደር ካንሰር የሚባል በታካሚዎችና በቤተሰቦቻቸው የተቋቋመ ድርጅት አለ። ፌስቡክ ላይ ለውጭ ሰው የተዘጋ መወያያ አላቸው። ማክሚላን የሚባለው የካንሰር ድርጅትም በኢንተርኔት ማኅበረሰቡ ውስጥ ለፊኛ ካንሰር ለብቻው ክፍል አለው፤ የስልክ መስመሩ 0808 808 00 00 ነጻ ነው። ካናዳ ብላደር ካንሰር ካናዳ አለ። ሌላ አውሮፓ አገር ያላችሁ የወርልድ ብላደር ካንሰር ፔሸንት ኮኦሊሽንን ድረ ገጽ ክፈቱ፤ በየአገሩ ያሉ አባል ማኅበራት ተዘርዝረውበታል። ፊኛቸው ወጥቶ ሆዳቸው ላይ ከረጢት የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ የዩናይትድ ኦስቶሚ አሶሲዬሽንስ ኦፍ አሜሪካን ይፈልጉ። ከረጢቱ ሲያፈስ ምን ይደረጋል፣ ነጠላ ለብሶ እንዴት ይቆማል የሚለውን የሚያውቀው ከረጢቱን የለበሰ ሰው ነው።

ሬዲት ላይም ለዚህ በሽታ የተከፈተ ቦታ አለ። ስማችሁ አይታይም፤ ይህ ጥሩ ነው። ማንም ገብቶ ያነባል፤ ማንም ይጽፋል። ለጥያቄ ጥሩ፣ ለሚስጥር መጥፎ።

ኢትዮጵያ ያላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። ለካንሰር በሙሉ የቆመ ድርጅት ነው። ጥቁር አንበሳ የምትታከሙ ከሆነ ደግሞ ወረፋ ስትጠብቁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው "ምንህን ነው የምትታከመው?" በሉት። ስልክ ተለዋወጡ። ቴሌግራም ላይ የቀጠለ የወረፋ ጓደኝነትም ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ነገር ነው።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር። ደም የቀላቀለ ሽንት ሴት ላይ ሲታይ ብዙ ጊዜ የወር አበባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ይታለፋል። በዚህ የተነሣ ሴቶች ዘግይተው ይታወቃሉ። የትም መወያያ ብትገቡ በቁጥር የሚበዙት ወንዶች ናቸው፤ በሽታው ወንዶችን ሦስት አራት እጥፍ ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ መፈለጊያው ላይ "ሴት" የሚለውን በእንግሊዝኛ ጨምራችሁ ፈልጉ። ቢካንም ሲያገናኟችሁ "ሴት ትሁንልኝ" ማለት ነውር የለውም።

ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ

የገባችሁበትን ቦታ ጥቂት ቀን ዝም ብላችሁ እዩት። አንድ ሰው "ሕክምናውን አቁሜ በጁስ ልድን ነው" ብሎ ሲጽፍ ምን ይመልሱለታል? ጭብጨባ ከሆነ ውጡ። የሚከራከረው፣ "ሐኪምህን አናግር" የሚለው፣ የሚቆጣጠር ሰው ያለበት ቦታ ይሻላል።

ቀኑንም እዩ። ይቺ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ብዙ ሰው ታሳስታለች። ቢሲጂ ያልሠራለት ሰው ድሮ የሚነገረው ፊኛህ ይውጣ ነበር። በታኅሣሥ 2022 አድስቲላድሪን የሚባለው፣ በሚያዝያ 2024 ደግሞ አንክቲቫ የሚባለው፣ ሲአይኤስ ኖሮበት ቢሲጂ ላልሠራለት ሰው አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። የ2015 ጽሑፍ ስለነዚህ አያውቅም። የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ ጊዜው ነው ያለፈው። በተቃራኒው፣ አሜሪካኖቹ የሚያወሩት መድኃኒት ሁሉ አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ይገኛል ማለት አይደለም። መድኃኒቱን አይታችሁ ከመቃጠላችሁ በፊት "እኛ ጋ ምን አለ?" ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ሌላም አለ። የዳነ ሰው አይጽፍም። ሥራው ላይ ነው፣ ልጁን እየዳረ ነው። የሚጽፈው የተመለሰበት፣ የደነገጠ፣ እንቅልፍ ያጣ ነው። የምታነቡት ከሁሉም ታካሚ የተውጣጣ እንዳይመስላችሁ።

የመጀመሪያው መልእክት

የኛ ሰው ሲጽፍ ወይ "ሰላም፣ ካንሰር አለብኝ፣ ምን ላድርግ?" ይላል፣ ወይ የሕይወት ታሪኩን ከጎንደር ይጀምራል። ሁለቱም መልስ አያገኙም። ባጭሩ፣ ወረቀቱን አስቀድማችሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ወንድ ነኝ፣ ስድሳዎቹ ውስጥ። ቲ1፣ ከፍተኛ ግሬድ፣ ሲአይኤስ የለም። ናሙናው ውስጥ ጡንቻ አለ፣ ንጹሕ ነው። ሁለተኛ ቀረፋ ተደርጎልኛል። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያውን ቢሲጂ እወስዳለሁ። ሥራዬ መንዳት ነው። በሚሰጠኝ ቀን ማታ መንዳት እችላለሁ? እናንተስ እንዴት አደረጋችሁ?"

ይህን በአማርኛ ጻፉና ለልጃችሁ ስጡ፤ ወይም በጎግል ትራንስሌት አስተርጉሙት። የመድኃኒት ስምና የደረጃውን ፊደል ግን ከወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ እንዳለ ገልብጡ። ማሽኑ እነሱን እንዲነካ አትፍቀዱለት።

"እናንተ እንዴት አደረጋችሁ" የሚለው አነጋገር ቁልፍ ነው። "ምን ላድርግ" ካላችሁ ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆንባችኋል። "እንዴት አደረጋችሁ" ካላችሁ የደረሰበትን ይነግራችኋል። እኔ ስጠይቅ አንድ የጭነት መኪና ነጂ መለሰልኝ። ቀጠሮውን ዓርብ አድርገው አለኝ፤ ቅዳሜ ትተኛለህ። መኪና ውስጥ አፉ ሰፊ የሆነ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ያዝ አለኝ። ታክሲ ነጂ መቼም የዋሽንግተንን ሽንት ቤት ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤ በቢሲጂ ሰሞን ግን ማወቁ አይበቃም፣ መድረስ ያስፈልጋል። ይህን የሚነግር ሐኪም የለም።

ቢሲጂ ለማታውቁት፣ ያቺው ልጆች ክንዳቸው ላይ ተወግተው ጠባሳ የምትተወው የቲቢ ክትባት ናት። ለፊኛ ሲሆን መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ፊኛ ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይያዛል። ጀርሙ ሕያው ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ለስድስት ሰዓት ያህል በሸናችሁ ቁጥር ሽንት ቤቱ ውስጥ በረኪና ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ነው ውኃ የምትለቁበት። ቤት ውስጥ የልጅ ልጅ ያለ፣ አንድ ሽንት ቤት ለስድስት ሰው የሆነ ሰው ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ጠይቁ። መልሱ ይጎርፋል። የአልጋ ጉዳይም እንደዚያው። ከሕክምናው በኋላ ከባለቤት ጋር ምን ይሆናል የሚለውን ለሐኪም ለመጠየቅ አስተርጓሚ ፊት ማፈር አለ። እዚያ ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌዎች ሳያፍሩ ይነጋገሩበታል።

ስማችሁን ጠብቁ

ዲያስፖራው ትንሽ ነው። አንድ ሰው ካወቀ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሁሉም ያውቃል። ፌስቡክ ላይ ግሩፑ የግል መሆኑን እዩ፤ የሕዝብ ከሆነ የጻፋችሁትን ማንም ያያል። ስም ሳይታይ የሚጠየቅበት አማራጭ አለ፤ ቢሆንም አስተዳዳሪዎቹ ማን እንደሆናችሁ ያያሉ። ሬዲት ላይ የቤት ስማችሁንም የትውልድ ዓመታችሁንም ስም ውስጥ አታስገቡ። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ፣ ስልክ ቁጥር የሚለውን "ኖባዲ" ላይ አድርጉት። ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ቁጥራችሁ ለአባሉ ሁሉ እንደሚታይ እወቁ።

የውጤት ወረቀት ፎቶ አንስታችሁ አትለጥፉ። ስም፣ የልደት ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ባርኮድ ሁሉ አለበት። ጻፉት እንጂ አታሳዩት። ዕድሜን፣ ከተማን፣ ሥራንና ቤተ ክርስቲያንን አንድ ላይ አትናገሩ። "አሌክሳንድሪያ ያለ ታክሲ ነጂ" ስላልኩ እኔን የምታገኙኝ ከመሰላችሁ፣ እዚህ ስንቶቻችን እንደሆንን አታውቁም።

ገልፍ የምትሠሩ እኅቶች፣ በአሠሪ ስልክ ወይም ሌላ ሰው በሚከፍተው ስልክ አትግቡ። በራሳችሁ ስልክ፣ በመቆለፊያ።

የሚሸጥ ሁሉ ይውጣ

ስለ ካንሰር በጻፋችሁ በማግሥቱ ኢንቦክስ ይመጣል። "ወንድሜ ድኗል፣ ይህን ዱቄት ወስዶ።" ሽፈራው ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ነው፣ ስሙ የማይነገር ሥር ነው። እኔ ሽፈራውን አልጠላም፤ እናቴ ቤት ይበላ ነበር። ችግሩ ዋጋ ሲኖረውና "ለሐኪም አትንገር" ሲባል ነው። የኔ ደንብ ቀላል ነው። ሳልጠይቀው በግል የጻፈልኝ፣ ዋጋ የጠራ፣ ወይም ሕክምና አቁም ያለ ሰው ወዲያው ይታገዳል። ከዚያ ለአስተዳዳሪው ይነገራል፤ ነገ ሌላ ሰው ላይ ይሄዳልና። "ለሕክምናዬ ገንዘብ ላኩልኝ" የሚለውንም ፊቱን ሳታዩ፣ የሚያውቀው ሰው ሳታገኙ አትላኩ። ማዘን ሌላ፣ መላክ ሌላ።

ከዚያ የአማርኛ ክበብ

የወረቀት ዘመድ መረጃ ይሰጣችኋል። ልባችሁ ግን በእንግሊዝኛ አይናገርም። ሁዳዴ ጾም ላይ ብዙ ውኃ ጠጣ ሲሏችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በረመዳን የመጣ ቀጠሮስ? ጠበል እየጠጣሁ ኬሞ ልውሰድ ወይ? እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ልንገራት ወይስ ልደብቃት? ይህን ኦሃዮ ያለው ሰውዬ አይመልስም።

በአማርኛ ለዚህ በሽታ ብቻ የቆመ ትልቅ ማኅበር አትጠብቁ። ራሳችሁ ነው የምትሠሩት፣ በጥቂት ሰው። መንገዱ ይኸውላችሁ። ነርሷ ወይም ሶሻል ወርከሯ የሌላ ታካሚ ስም ልትነግራችሁ አትችልም፤ ሕግ ይከለክላታል። የናንተን ስልክ ቁጥር ግን በወረቀት ጽፋችሁ "አማርኛ የሚናገር የፊኛ ታካሚ ከመጣ ስጭልኝ፣ ፈቅጃለሁ" በሏት። እኔ ጋ የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው እንደዚህ ነው። ሴትዮዋ ከሰላምታ ቀጥላ ያለችኝ "እርስዎም በረኪናውን እየደፉ ነው?" ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። የመጀመሪያው የእውነት ሳቄ እሱ ይመስለኛል። አስተርጓሚውን ግን ሌላ ታካሚ አገናኘኝ ብላችሁ አታስቸግሩት። ሚስጥር ጠባቂ ነው፤ ሥራውን ያጣል።

የኛ ክበብ ቴሌግራም ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ቶሮንቶና አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች አሉበት። በድምፅ መልእክት ነው የምንጠቀመው፤ አዲስ አበባ ያለው ሰው ቪዲዮ ዳታውን ይበላበታል። እሑድ አንድ ላይ በድምፅ እንገናኛለን። ሰዓት ስትቀጥሩ የማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ። ዋሽንግተንና አዲስ አበባ በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት ሰዓት ይለያያሉ፤ የፈረንጅ በጋና ክረምት ማለቴ ነው። እዚያ ላይ "ሦስት ሰዓት" ስትሉ የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ካልተለየ ግማሹ ሰው ተኝቶ ያልፈዋል።

ደንባችንም አጭር ነው። የሰው ድምፅ ወደ ሌላ አይላክም። አይሸጥም። "ለምን አጨስክ" አይባልም። መጸለይ ይቻላል፤ ስብከት ግን ይቅር፤ ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም አለ። የሐኪም ስም ጠርቶ መውቀስ የለም። የቤተሰብ ሰው መግባት ይችላል፤ ግን ቤተሰብ ነኝ ብሎ ይናገር።

ይህ የመጨረሻው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ጋ ውጤቱ ለልጆች ተነግሮ ለታማሚው የሚደበቅበት ቤት ብዙ ነው። "አባባ ካንሰር ነው አልተባለም፤ ኢንፌክሽን ነው ብለነዋል" የምትል ልጅ መጥታለች። ክበቡ ውስጥ ማንም አልወቀሳትም። ግን በየሳምንቱ መድኃኒት በቱቦ እየተሰጠው ኢንፌክሽን ነው ብሎ የሚያምን አባት እንደሌለ ከተሰጣቸው ሰዎች ሰማች። የሚያውቁ አባቶች ነገሯት፤ እኛም መጀመሪያ ያወቅነው ከልጆቻችን ፊት ላይ አንብበን ነው አሏት።

ሰው ዝም ሲል

ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ይጠፋል። ነጥቡ አረንጓዴ አይሆንም። እንዳትጠይቁ ትፈራላችሁ፤ እንዳትተዉት ያማችኋል። ለቅሶ አትደርሱ፤ የት እንደሚኖር አታውቁም። እድር የለ፣ ድንኳን የለ፣ መርዶ ነጋሪ የለ።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲገባ የአንድ ቤተሰቡን ስልክ ለአንድ ሌላ አባል ይሰጣል። ለሁሉም አይደለም፤ ለአንዱ ብቻ። ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ ያ አባል ይደውላል። ብዙ ጊዜ ስልኩ ተበላሽቶ ነው፣ ወይ ደክሞት ነው። አንዴ ግን እንደፈራነው ሆኗል። ያን ዕለት ማታ በድምፅ ተገናኝተን ስለ እሱ ያወራነው ስለ ሕመሙ አልነበረም። ስለ ሥራው፣ ስለ ቀልዱ ነበር። ልጁ ገብታ አዳመጠች። ፈረንጆቹ መድረክ ላይም ሰው ሲያልፍ ይጻፋል፤ ስሙን የማታውቁት ሰው ያስለቅሳችኋል። በዚያ ሰሞን ንባቡን ጥቂት አቁሙ። በተለይ ካሜራ ልትታዩ ዋዜማ ላይ ከሆናችሁ፣ በዚያች ሌሊት ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡት።

ጓደኛ የማይጠየቅበት

አንዳንድ ነገር ግሩፕ ላይ አይጻፍም፤ ይደወላል። ቢሲጂ ከወሰዳችሁ በኋላ ትኩሳቱ 38.5 ዲግሪ ካለፈ ወይም አልበርድ ካለ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁና ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ለሐኪማችሁ ደውሉ። ሽንት አልወጣ ካለ ወይም የረጋ ደም ከዘጋው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። "እናንተም እንደዚህ ሆናችሁ?" የሚለው ጥያቄ ከሆስፒታል ስትመለሱ ይደርሳል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ሌሊትም ቢሆን በስልክ ጠይቁ።

አዲስ ሰው ሲመጣ

ትንሽ ከቆያችሁ በኋላ ቀደም ብሎ የገባው ሰው እናንተ ትሆናላችሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ "ዛሬ ነገሩኝ" ብሎ የሚጽፍ ይመጣል። ያን ጊዜ የራሳችሁን ታሪክ አትጀምሩ። "እኔ ደህና ነኝ፣ አንተም ትድናለህ" አትበሉት፤ ወረቀቱን አላያችሁም። ብቻውን ነው ወይስ ሰው አብሮት አለ ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ደርሶት እንደሆነ ጠይቁ። ካልደረሰው ዛሬ ምንም ማንበብ እንደማያስፈልገው ንገሩትና የሚቀጥለው ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት፤ በዚያ ቀን ማታ "እንዴት ሆንክ?" ብላችሁ ጻፉለት።